ለጊዜው የተባለልኝ ቤት

ዓለምን ሦስት ሰዎች ጠረጴዛ ከበው እንደተካፈሏት ያነበብኩት፣ የምኖርበትን ቦታ ሦስት ዘመዶቼ ጠረጴዛ ከበው በተካፈሉት ዓመት ነው። ባታነብ አይሻልህም ነበር ወይ የሚለኝ ሰው አለ። ባላነብም ይወስዱት ነበር። ልዩነቱ፣ ባላነብ ኖሮ ሲወስዱብኝ መርቄ እሸኛቸው ነበር።

ፊደል የቆጠርኩት ልጆቼ ትምህርታቸውን ጨርሰው ከቤት ከወጡ በኋላ ነው። ዱራሜ፣ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ለጎልማሶች ትምህርት ይሰጥ ነበር። ቤቴ ከዱራሜ ወደ ሺንሺቾ በሚወስደው መንገድ ዳር ስለሆነ በባጃጅ ሄጄ በእግሬ እመለሳለሁ። ያስተማሩን ጡረታ የወጡ የታሪክ መምህር ናቸው፤ ሁላችንም ቲቸር እንላቸዋለን። ለጎልማሳ ተብሎ የተዘጋጀው መጽሐፍ የሚያወራው እጅ ስለመታጠብና ሽንት ቤት ስለመቆፈር ብቻ ነበር። እኛ ደግሞ ሽንት ቤት ስንቆፍር ያረጀን ሰዎች ነን። አንድ ቀን አንዲት ጎመን ነጋዴ፣ «ቲቸር፣ እጃችንን ታጥበን ጨርሰናል፤ ምሳውን መቼ ነው የሚያቀርቡልን?» አለቻቸው። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሽፋኑ የተገነጠለ የታሪክ መጽሐፍ ከቤታቸው ይዘው መጡ።

እኔ እንዳነብ የደረሰኝ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሊያልቅ ሲል ያለው ገጽ ነበር። እያንዳንዱን ቃል በጣቴ እየገፋሁ ነው ያነበብኩት። ጀርመን ተንገዳግዳለች እንጂ ገና አልወደቀችም። ወታደሩ በረዶ ላይ እየሞተ ነው። በዚያ መሀል የአሜሪካ፣ የእንግሊዝና የሩሲያ መሪዎች፣ ሩሲያ በያዘችው የባሕር ጠረፍ ከተማ፣ የድሮ ንጉሥ ይዝናናበት በነበረ ቤተ መንግሥት ተሰበሰቡ። መጽሐፉ ስማቸውን ይጽፋል፤ እኛ የፈረንጅ ስም ማንበብ ስለከበደን ቲቸር በመልካቸው አስያዙን። አሜሪካዊው በተሽከርካሪ ወንበር የሚገፋ፣ ፊቱ የገረጣ፣ ከዚያ ስብሰባ በኋላ ብዙም ያልቆየ በሽተኛ። እንግሊዛዊው ሲጋራ ከአፉ የማይነጥል፣ ወሬ የሚያበዛ። ሩሲያዊው ፒፓውን ይዞ ዝም የሚል።

«ዝም ያለው ለምን ይመስላችኋል?» አሉ ቲቸር። «ወታደሩ ቀድሞ ፖላንድ ገብቷል። የያዘ ሰው ምን ያስለፈልፈዋል?»

ጦርነቱን ሳይጨርሱ ከጦርነቱ በኋላ ያለውን ዓለም አበጃጁት። ጀርመንን ማን ማን እንደሚይዛት፣ አገሮች ሁሉ የሚሰበሰቡበት ማኅበር ሲቋቋም እንቢ የማለት መብት ለማን ለማን እንደሚሰጥ፣ የፖላንድ ድንበር ከአንድ በኩል ተነቅሎ በሌላ በኩል እንደሚተከል። እዚህ ላይ ጣቴን ከገጹ አነሳሁ።

«ፖላንድን ወክሎ ማን ተቀመጠ?» አልኩ።

«ማንም።»

«ጦርነቱ የተጀመረው እሷ ላይ አይደለም እንዴ?»

«ነው።»

«ታዲያ ምን አጥፍታ ነው የቀረችው?»

«አልተጠራችም» አሉ ቲቸር። «መንግሥቷ ለንደን በስደት ነበር።»

«እንግሊዝ አገር ከነበረ እንግሊዙ በመኪናው ይዞት አይመጣም ነበር?» አለች ጎመን ነጋዴዋ።

ክፍሉ ሳቀ። ቲቸርም ሳቁ። ቀጠል አድርገው አሜሪካዊው ከዚያ ሲመለስ ግብፅ ውስጥ ውሃ ላይ በቆመ መርከብ የእኛንም ንጉሥ እንዳነጋገራቸው ነገሩን። ከኋላ የሚቀመጥ አንድ የአይሱዙ ሹፌር፣ «እኛም ወረፋ ይዘን ነበር በሉኛ» አለ። «ምን ጠየቁት?»

«ወደብ።»

«እሺ አለ?»

ቲቸር መነጽራቸውን አውልቀው ማበስ ጀመሩ። ሹፌሩ ወደ እኔ ዞሮ፣ «ይቅር፣ ይቅር፣ አንተ አንብብ» አለኝ።

ወደ ራሴ ጦርነት ልምጣ። አባቴ ሲሞት ከአያታችን የወረደውን መሬት ታናሽ አጎቴ ጠቅልሎ ያዘው። ለእኔ የቀረኝ ቤቴ የቆመበት መንገድ ዳር ያለው ጥግና ዙሪያውን ያለው እንሰቴ ነው። ያንንም ልቀቅ ይለኝ ጀመር። ሦስት ዘመዶቼ ተባብረው ከሰሱት። አንዱ ታላቅ ወንድሜ ነው፤ ዱራሜ ቢሮ የሚሠራ፣ ከረባት ሳያስር ለቅሶ የማይደርስ። ሁለተኛው የእህቴ ባል፣ ሾኔ ጨርቅ የሚነግድ ሙስሊም ነው። እህቴን ሲያገባ ከወንድሜ ጋር ተኳርፈው ነበር፤ ያስታረቃቸው አጎቴ ነው። ማለቴ፣ ሁለቱም እሱን ስለጠሉ ታረቁ። ሦስተኛው የሟቹ ትልቅ አጎታችን ልጅ፣ ሆሳዕና ሐኪም ቤት ነርስ የሆነ።

ወጪውን እነሱ ቻሉ፣ ጠበቃውን እነሱ ያዙ፤ አልክድም። ጦርነቱ ግን የነበረው እኔ ደጅ ላይ ነው። የአጎቴ ከብቶች በቆሎዬ ውስጥ አድረው ይገኛሉ። ቆርቆሮዬ ላይ ድንጋይ ይወርዳል። ሚስቴ ውሃ ልትቀዳ ስትሄድ የአጎቴ ሚስት ጄሪካኗን ከተራ ታወጣባታለች። እነዚያ ሦስቱ በየከተማቸው ተኝተው ያድራሉ። ወንድሜ ይደውላል።

«አይዞህ፣ በርታ። ቦታውን እንዳትለቅ። አንተ እዚያ ካለህ ነው ክሳችን የሚቆመው።»

«ጋሼ፣ ትናንት አጥሬን ነቅሎ አንድዶታል።»

«ፎቶ አንሳው።»

«ምኑን? አመዱን?»

«አመዱንም ቢሆን» ይለኛል።

እኔ የምፈልገው አንድ ነገር ነበር። ስናሸንፍ ያ ጥግ፣ ቤቴ፣ ወደ መንገድ የሚያስወጣው የቤቴ በርና እንሰቴ የእኔ ናቸው እንዲባልልኝ። የወንድሜን ቦታ አልጠየቅኩም። የአጎቴንም ውሰዱበት አላልኩም። እንዲህ ያለውን ነገር ግን ጦርነት ላይ እያለህ አትጠይቅም፤ ደፍረህ ብትጠይቅ «አሁን ይሄ ይነሳል?» ይሉሃል። ካለቀ በኋላ ደግሞ የሚሰማህ የለም።

ፍርዱ ሲቃረብ ጠበቃው ማሸነፋችሁ አይቀርም አላቸው። በዚያው ሳምንት እሁድ ሆሳዕና ጠሩኝ። እንድወስን አይደለም። ወንድሜ፣ «ቦታውን አንተ ስለምታውቀው ስንሳሳት ታርመናለህ» አለኝ። ነርሱ ተረኛ ስለነበር ነው ሆሳዕና የተመረጠው፤ እሱ በሚያውቀው ሆቴል። ወንበሬ የሰው መተላለፊያ ላይ ስለሆነ አስተናጋጁ ባለፈ ቁጥር ትከሻዬን ይገፋኛል። ክትፎ በቆጮ መጣ። አማቼ የክርስቲያን ሥጋ ስለማይበላ እንቁላል አዘዘ።

ከጎናችን ያሉት ሰዎች በሀዲይኛ ያወራሉ። እኛ ቤታችን ከምባትኛ ነው። ወንድሜ ግን ቁም ነገር ሲመጣ አማርኛ ይገባል፤ ቢሮ ያስለመደው ነው። ሥጋው ሲያልቅ እጁን ጠራረገና በአማርኛ፣ «እንግዲህ ከፍርዱ በኋላ ስለሚኖረው ሁኔታ እንነጋገር» አለ።

የሚጥሚጣውን ሳህን ሳበና፣ «ይሄ መንገዱ ነው» አለ። የውሃ ጠርሙሱ በገበያው በኩል ያለው ወሰን ሆነ። የተበላበት የቆጮ ሳህን የታችኛው ባሕር ዛፍ። የስቴኪኒ ማስቀመጫውን አንስቶ ሚጥሚጣው አጠገብ ሲያስቀምጥ፣ «ይሄ የአንተ ቤት» አለኝ። ከዚያ ተካፈሉ። ከመንገዱ ዳር ያለው ፊት ለፊቱ ለወንድሜ፤ እንግዳ ማረፊያ ሊሠራበት አስቧል። በገበያው በኩል ያለው ለአማቼ፣ በእህቴ ድርሻ። ባሕር ዛፉ ለነርሱ። እየተካፈሉ እያለ አማቼ እጁን ሰደደና ከቤቴ ውስጥ አንድ ስቴኪኒ መዞ ጥርሱን መጎርጎር ጀመረ። ክፋት አልነበረውም። ሰውየው ጥርሱ ውስጥ እንቁላል አይገባ፣ ለምን እንደመዘዘ ግን እስካሁን ይገርመኛል።

«እኔስ?» አልኩ።

ተያዩ። ወንድሜ ጉሮሮውን ጠራረገ። «አንተ ለጊዜው እዚያው ትቆያለህ።»

ነርሱ በዕድሜ ስለሚበልጠን መረቀ። አሜን አልን። እኔም አሜን አልኩ፤ ከሁሉም ጮክ ብዬ።

ለምን እንደጮህኩ ልናገር። «ለጊዜው» የሚለውን የአማርኛ ቃል እኔ የማውቀው ከእንሰት ጋር ነው። እንሰት አንድ ቦታ ተተክሎ አይቀርም። ችግኙ ከእናቱ ሥር ይበቅላል፣ ተነቅሎ ተጠጋግቶ ይተከላል፤ ሲጠነክር እንደገና ተነቅሎ ሰፋ ብሎ ይተከላል፤ መጨረሻ ላይ ነው የሚበስልበት ቦታ የሚገባው። ከሩቅ ለመጣ ሰው ችግኝ ስሸጥ በአማርኛ፣ «ለጊዜው ጥላ ያለበት ትከለው» እለዋለሁ። የተሻለ ቦታ ይጠብቀዋል ማለቴ ነው። ለጊዜው የተተከለን እንሰት ማንም አውጥቶ አይጥልም። ስለዚህ ወንድሜ ያንን ሲለኝ ታስቦልኛል አልኩ። በከምባትኛ ቢናገረው «እስከ መቼ?» ብዬ እጠይቀው ነበር። አማርኛው ግን ከረባት ያሰረ ይመስለኛል። ከረባት ያሰረ ደግሞ አይጠየቅም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ያቺው ቃል መጽሐፉ ውስጥ ጠበቀችኝ። ጀርመን ለጊዜው በአሸናፊዎቹ ተከፋፍላ ትያዝ ተባለ ይላል። አነበብኳትና ቆምኩ።

«ቲቸር፣ ይሄ ለጊዜው ምን ያህል ቆየ?»

«ተማሪ ሆኜ ተከፍላ ነበር» አሉ። «አስተማሪ ሆኜም ተከፍላ ነበር። ልጄ ተማሪ ሲሆን ነው አንድ የሆነችው።»

«ለጊዜው ብለው የለም እንዴ?»

«ብለዋል። ማን እንዳለው እይ እንጂ። የያዘው ሰው ሲለው አንድ ነው፤ ለተያዘው ሲባል ሌላ ነው።»

«እኔም ተብያለሁ» አልኩና የሆሳዕናውን ነገርኳቸው። ክፍሉ ውስጥ የነበረው ሁሉ ሰማ። ሹፌሩ እንኳ አልቀለደም። ጎመን ነጋዴዋ ብቻ፣ «አሜን አልክ?» ብላ ጠየቀችኝ። አዎ ስላት ራሷን ነቀነቀች።

ማክሰኞ ሾኔ ሄድኩ። አማቼ ሱቁ ውስጥ ጨርቅ እየለካ ነበር።

«ያቺን ቃል አስነሳልኝ» አልኩት።

«የቷን?»

«ለጊዜው የምትለዋን። ቤቱ የእኔ ነው ብቻ ይባል።»

ሜትሩን አንገቱ ላይ አንጠለጠለ። «ወላሂ፣ እውነት አለህ። ግን ስማኝ። እኔ የአንተን ካነሳሁ ወንድምህ የእኔን ያነሳል። የእህትህን ድርሻ እሺ እንዲል ስንት ዓመት እንደለመንኩት ታውቃለህ።»

«እና ዝም ልትል ነው?»

«ዝም አልልም። አዝንልሃለሁ።»

«ሐዘንህን ምን ላድርገው?»

«ተቀመጥ፣ ሻይ ጠጣ» አለኝ። ጠጣሁ። ምን አደርጋለሁ።

ነርሱ ጋ ደወልኩ። በሽተኛ ላይ ነኝ አለኝ። ሌላ ቀን ደወልኩ። «ይሄ እኮ ቤተሰብ ውስጥ የሚያልቅ ነገር ነው» አለኝ። ቤተሰቡ ውስጥ ስለሆንኩ ነው የደወልኩት ብዬ ዘጋሁት።

ፍርዱ ወጣ፣ አሸነፍን። ለአጎቴ ከቤቴ ጀርባ ያለው የራሱ ድርሻ ተተወለት፤ ሌላውን ለቀቀ። በሳምንቱ ሦስቱ ገመድ ይዘው መጡ። ሚስቴ ወንበር አወጣችላቸው። ወንድሜ ገመዱን ከመንገዱ ጀምሮ እየዘረጋ፣ እንሰቴን አልፎ፣ የቤቴ በር ድረስ አመጣው።

«ጋሼ፣ ቤቱ የት ላይ ነው የቀረው?»

«ቤትህን ማን ነካው?» አለ። «ቤትህ አለ።»

«በምን ልውጣ?»

«ለጊዜው በጎን ትወጣለህ። ለጊዜው ትቆያለህ እንጂ መንገዱን ሰጠንህ አልተባለም። እነሱ ይመስክሩ።»

እነሱ መሰከሩ። አማቼ መሬት መሬት እያየ መሰከረ። ነርሱ እንደ ልማዱ ሊመርቅ ተነሳ፤ ፍቅር ስጠን፣ አንድ አድርገን አለ። አሜን አሉ። እኔ ዝም አልኩ።

«አሜን በል» አለ ወንድሜ።

«አልልም።»

ነርሱ ምርቃቱን ደገመው፤ አሁን አሳጥሮ። ዝም አልኩ። እኛ ዘንድ ከተቀመጡት አንዱ አሜን ካላለ ነገሩ አልታሰረም። በዚያ ነው የተማመንኩት። አማቼ ሰዓቱን አየ፤ የሾኔ መኪና ሊያመልጠው ነው። «እሱ በልቡ ብሏል» አለና ተነሳ። ወንድሜም ተነሳ። የወንበሩን አቧራ ከሱሪው አራገፈና ለሚስቴ፣ «እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ሄደ። በልቤ ምን እንዳልኩ እዚህ አልጽፈውም።

ፊት ለፊት ያለው እንሰት እንዲነሳ የተሰጠን ጊዜ አጭር ነበር። ችግኙን ሚስቴ ነቅላ ከጎን በቀረችን ቁራጭ መሬት አጠጋግታ ተከለችው። ትልልቁ ግን አይነቀልም። ገና ሳይደርስ የጎረቤት ሴቶች ተሰብስበው ፋቁት። ትንሽ ቆጮ ብቻ ወጣው። አንዷ፣ «ይሄ እኮ ገና ልጅ ነው» አለች፣ መፋቋን ሳታቆም። ከዚያ ወንድሜ በቤቴ በር ትይዩ የቆርቆሮ አጥር አቆመ። ደጄ ላይ ቆሜ እጄን ብዘረጋ እነካዋለሁ። ጠዋት ብርሃን አይገባም፤ መኪና ሲያልፍ ቆርቆሮው ይንቀጠቀጣል፣ መኪናውን ግን አላየውም።

ሦስቱ አብረው ብዙ አልቆዩም። ያጣበቃቸው አጎቴ ነበር፤ እሱ ሲሸነፍ ተላቀቁ። ወንድሜና አማቼ በገበያው በኩል ባለው ወሰን ተጣሉ። አንዱ ጠርሙሱ እዚህ ነበር ይላል፣ ሌላው እዚያ ነበር ይላል። ነርሱ የሁለቱንም ስልክ አያነሳም። ሁለቱ ለየብቻ እየመጡ ምስክር ሁነኝ ይሉኛል። አማቼ ስኳር ይዞ ይመጣል። ወንድሜ፣ ያለ ከረባት መጥቶ፣ በከምባትኛ ነው የሚያናግረኝ።

«ያኔ ጠረጴዛው ላይ አልነበርክም?» ይለኛል።

«መተላለፊያው ላይ ነበርኩ።»

«አላየህም?»

«አስተናጋጁ ይገፋኝ ነበር።»

ለሁለቱም አላየሁም አልኳቸው። ለአንዱ ብመሰክር ምናልባት አጥሩን ገለል ያደርግልኝ ይሆናል። ምናልባት ለጊዜው። ቲቸርን ስነግራቸው፣ «በርሊን ገብተሃል፤ አሸናፊዎቹ መሀሏን በግንብ የከፈሏት ከተማ» አሉኝ፤ ሳይስቁ። የዚያን ቀን አላነበብኩም። ደክሞኝ ነበር፤ ለሹፌሩ አሳለፍኩለት።

ሚስቴ ግን በጎን ባለችው ቀዳዳ፣ በግድግዳና በቆርቆሮ መሀል፣ ጄሪካን ተሸክማ መተላለፍ ሰለቻት። አንድ ቀን ጄሪካኑን መሬት አስቀምጣ፣ «አንተ ሰውዬ፣ ወይ መስክርና መንገድ አስከፍት፣ ወይ ግድግዳ ቅደድ። እኔ እንደ ፍየል በጎን አልወጣም» አለችኝ።

ግድግዳ መቅደድ ቀለለኝ። መቅደድ የሚቻለው ግን በጀርባ ብቻ ነው። ጀርባው ደግሞ የአጎቴ ግቢ ነው። ከፍርዱ ወዲህ ሰላምታ አልተለዋወጥንም። ሄድኩ። ደጁ ላይ ተቀምጦ የማጭድ እጀታ ያስተካክል ነበር። አርጅቷል፤ ወይም ያኔም አርጅቶ ነበር፣ እኔ አላየሁትም።

«በዚህ በኩል በር ልከፍት ነው» አልኩት። «በግቢህ ነው የማልፈው።»

እጀታውን አገላብጦ አየ። «ወንድምህ አላሳልፍ አለህ?»

«ቆርቆሮውን ታየዋለህ።»

«ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነጸብራቁ ዓይኔን ይወጋኛል» አለ። ከዚያ፣ «ከብትህም በዚህ ነው የሚያልፈው?»

«በየት ይለፍ?»

«በቆሎዬን እንዳይበላ ታዲያ።»

የእኔን ስንት ክረምት ያስበላ ሰው። ልመልስለት ብዬ ስልችት አለኝ።

በማግስቱ የፊቱን በር ነቀልኩ። መቃኑን አውጥቼ ክፍቱን በእንጨትና በጭቃ ደፈንኩት። ሚስቴ ጭድ ታቀብለኛለች። ከሰዓት በኋላ የጀርባውን ግድግዳ በመጥረቢያ መታሁት፤ ጭቃው ረግፎ ብርሃን ገባ። በቀዳዳው ውስጥ አጎቴ ማዶ ቆሞ ሲያየኝ አየሁት። እጆቹን ወደኋላ አድርጎ ቀረብ አለና የመሬቱን ቁልቁለት በእግሩ ለካ።

«ወደ ግራ ሳብ አድርገው» አለኝ። «እዚህ ጋ በክረምት ውሃ ይገባብሃል።»

መቃኑን ወደ ግራ ሳብኩት።